ከመርፌው ሥር ያለ ክር

ያን ቀን በስብሰባው ላይ አፌን ያስከፈተኝ ምንድን ነው? ተናድጄ ነበር? ፈርቼ ነበር? ወይስ ከልቤ እውነት መናገር ብቻ መስሎኝ? ዓመት ሊሞላው ነው ይህን ራሴን ስጠይቅ፤ መልሱን እስካሁን አላገኘሁትም። የተናገርኩት ሦስት አጫጭር ዓረፍተ ነገር ነው። አራት ሰዎች ሰምተውታል። ከአራቱ አንዱ ያሳደገኝ ሰው ነበር።

ያሳደገኝ የአክስቴ ባል ነው። እኔ ጋሼ እለዋለሁ። የመሥሪያ ቤታችን ሰዎች ደግሞ ጋሼ ሚሊ ይሉታል፤ ሚሊሜትርን አሳጥረው። በምርምር ማዕከሉ የነፍሳት ክፍል ሠላሳ አንድ ዓመት ሲሠራ፣ ከደረት ኪሱ አንዲት አጭር የብረት ማስመሪያ ተለይታው አታውቅም። ጠዋት ከሁሉም ቀድሞ ይደርስና፣ በኮሪደሩ መብራት ሥር ግድግዳው ላይ ተለጥፈው ያደሩትን የእሳት እራቶች ወፎች ሳይለቅሟቸው አንድ በአንድ በባዶ የክብሪት ቀፎ ይከታቸዋል። ከዚያ ተቀምጦ ይለካል፤ ከፊት ክንፍ ሥር እስከ ክንፉ ጫፍ። አሥራ ሁለት ሚሊሜትር፣ አሥራ ሰባት ሚሊሜትር፣ አርባ ሚሊሜትር። የአካባቢያችን የእሳት እራቶች ሁሉ በሰባ ሁለት መሳቢያ ውስጥ በመርፌ ተሰክተው፣ ከትንሹ ወደ ትልቁ ተሰልፈው የሚገኙት በእሱ እጅ ነው።

የንብረት ክፍሉ ሰውዬ፣ "ጋሼ ሚሊ ሚስቱንም ለክቶ ነው ያገባት" እያለ ይቀልድበት ነበር። ጋሼም ቀና ሳይል፣ "ኧረ የለካችኝ እሷ ናት፤ ሱሪዬን ላሳጥር ሄጄ" ይለዋል። እውነቱን ነው። አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት።

አሁን ወደ ክሩ ልምጣ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ነውና።

ጋሼ አረንጓዴና ቡናማ አይለይም። ሲወለድ ጀምሮ እንዲህ ነው። ለእሱ ቅጠሉም ግንዱም አንድ ዓይነት ነው፤ የሚለያቸው በቅርጻቸው ነው። የእሳት እራት የሚታወቀው ደግሞ በክንፉ ቀለምና በመጠኑ ነው። መጠኑን በመለካት ማንም አይስተካከለውም፤ ቀለሙን ግን ለማንም ሳይናገር መላ አበጀለት። ምሳ ሰዓት ላይ የክብሪት ቀፎዎቹን በኪሱ ይዞ ወደ ቤት ይመጣል። አክስቴ ከስፌት መኪናዋ ሳትነሳ መስኮቱ አጠገብ ትቀበለውና፣ የክር ቆርቆሮዋን ትከፍታለች። የአንዱን ክር ጫፍ ከክንፉ ጎን ትይዛለች፤ ትተወዋለች፤ ሌላውን ትይዛለች። "ይቺ ናት" ስትል የአንድ ጣት አንጓ ያህል ትቆርጥለታለች። ጋሼ ያንን ቁራጭ መርፌው ላይ፣ ከእሳት እራቷ ሆድ በታች ይጠመጥመዋል። መሳቢያውን የሚከፍት ሰው ከያንዳንዷ ሥር በሕይወት ሳለች የነበራትን ቀለም በክር ያገኘዋል።

ይህን ከማንም በላይ አውቀው ነበር። ሁለተኛ ደረጃ የተማርኩት እዚያ ቤት ነው፤ የቤት ሥራዬን የምሠራው ከስፌት መኪናው ትይዩ ባለው ጠረጴዛ ላይ ነበር። አክስቴ ሁለት ክር መሐል ስትወላውል እኔን ትጠራኛለች፤ "አንተ የወጣት ዓይን አለህ፣ ይቺ ናት ወይስ ይቺ?" እያለች። የጋሼን ነገር በቤታችን ማንም በግልጽ አያነሳውም። አታውሩ የተባልንም አይመስለኝም። ብቻ ከደጅ እንደማይወጣ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ከዚያ ሩቅ አገር ሄጄ ዘጠኝ ዓመት ተማርኩ። ነፍሳትን ያስወደደኝ ጋሼ መሆኑን እዚያ ለሰው ስናገር ድምፄ ይሞቅ ነበር፤ ክሩን ግን አንስቼ አላውቅም። በተማርኩበት ክፍል ቀለም የሚለካው በመሣሪያ፣ ዝርያ የሚለየው በቤተ ሙከራ ነው። ስመለስ ያ ሁሉ መሣሪያ አብሮኝ አልመጣም። የመጣው ዲግሪዬና፣ እዚህም እዚያም ቦታዬ እንዳልሆነ የሚነግረኝ እረፍት የሚነሳ ሐሳብ ነው። የነፍሳት ክፍሉ ኃላፊ አድርገው ሾሙኝ። እንዲህ ሆኖ የጋሼ አለቃ ሆንኩ።

በመጀመሪያው ቀን፣ ሰው ባለበት፣ "እርስዎ" አልኩት። በቤት አንተ ነበር የምለው። አክብሮት መስሎኝ ነበር። ጋሼ አንዴ አየኝና፣ "እሺ ዶክተር" አለኝ። ከዚያ ወዲያ ስሜን አልጠራም።

የተሰጠኝ ሥራ አንድ ነበር፤ ለሰብል ጥበቃ ሠራተኞች በኪስ የሚያዝ፣ የአካባቢውን የእሳት እራቶች በክንፍ ቀለምና በመጠን የሚያስለይ መጽሐፍ ማዘጋጀት። መጀመሪያ ናቅኩት። ለዚህ ነው እንዴ ዘጠኝ ዓመት የተማርኩት አልኩ። ስጀምረው ግን ከበደኝ፤ ሲከብደኝ ደግሞ የጋሼ መሳቢያዎች ላይ ተደገፍኩ። መደገፌን ለራሴም አላመንኩም።

አንድ ቀን ዳይሬክተሩ እንግዶች ይዞ መጣ። ከእንግዶቹ አንዷ መሳቢያው ላይ አጎንብሳ፣ ይህ ክር ለምንድን ነው ብላ ጠየቀች። ጋሼ ከበሩ አጠገብ ሻይ ይዞ ቆሟል። እኔ፣ የቆየ ልማድ ነው፣ እየጸዳ ነው አልኩ። ያኔ ምንም እየጸዳ አልነበረም። ማጽዳት የጀመርኩት የተናገርኩትን እውነት ለማድረግ በማግስቱ ነው።

በትንሽ መቀስ ክሩን ከየመርፌው እየቆረጥኩ ከጠረጴዛው ሥር ባለው ቅርጫት ስጥል፣ ጋሼ መጥቶ አጠገቤ ቆመ።

"እሱን ተወው" አለኝ።

ክር አቧራ እንደሚይዝ፣ አቧራው ብል እንደሚጠራ፣ ቀለሙ ደግሞ ክንፉ ላይ ስላለ ሁለተኛ እንደማያስፈልግ ነገርኩት። የነገርኩት ለተማሪ እንደሚነገር ነው።

"ክንፉ እኮ ይለወጣል" አለ።

ጨለማ መሳቢያ ውስጥ ስንት ዓመት ቢቀመጥ ነው የሚለወጠው ብዬ መለስኩለት። ጋሼ ቅርጫቱን አየ፤ መልሶ እኔን አየ። ከዚያ ሄዶ ቦታው ተቀመጠ። ሦስት ሳምንት ቆረጥኩ። ሦስቱንም ሳምንት ከጀርባዬ ማስመሪያውን ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጥና ሲያነሳ እሰማው ነበር።

መጨረሻው መሳቢያ ውስጥ መርፌ ያልገባባቸው አሥራ አራት ትንንሽ የወረቀት ጥቅሎች ነበሩ። በየጥቅሉ ውስጥ አንድ አንድ የደረቀች የእሳት እራት አለች፤ በላዩ የጋሼ ጽሑፍ፤ "ከፍራፍሬ ችግኝ ጣቢያ፣ በበጋ"፤ በጽሑፉ ላይ ደግሞ ክር ተጠምጥሟል። ክሩን ፈትቼ ጣልኩት። ምን ዓይነት ክር ነበር? አላየሁትም። እጄ ለምዶት ነበር።

የደረቀች የእሳት እራት ክንፍ ስትነካው ይሰበራል። ስለዚህ ማለስለሻ ሣጥን የምንለው ነገር አለ፤ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ዕቃ፣ ከታች እርጥብ አሸዋ። ጥቅሎቹ እንዳሉ ይገቡና፣ በሁለት ሦስት ቀን እርጥበቱ ሲገባቸው ክንፋቸው ይታዘዛል፤ ያኔ ተዘርግተው በመርፌ ይሰካሉ። እኔም እንዳይሰበሩ ብዬ ወረቀቱን ሳልገልጥ አስገባኋቸው። በሦስተኛው ቀን ስከፍታቸው አሥራ አራቱም የደረቀ ገለባ የመሰሉ ቡናማ ናቸው። ለካኋቸው። ከአሥራ ሁለት እስከ አሥራ ሦስት ሚሊሜትር።

በአካባቢያችን ክንፉ ላይ ሁለት ነጭ መስመር ያለው አንድ አረንጓዴ የእሳት እራት አለ፤ አሥራ ሰባት ሚሊሜትር ነው፤ በመንገድ ዳር ቁጥቋጦ ላይ ይኖራል፤ ማንንም አይጎዳም። የኔዎቹም ሁለት ነጭ መስመር አላቸው፤ ግን ቡናማ ናቸው፣ ያንሳሉ፣ የተያዙትም በፍራፍሬ ችግኝ ላይ ነው። ማንም ያልመዘገበው ዝርያ። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። ሩቅ ላለው መምህሬ ጻፍኩለት፤ እሱም እንኳን ደስ አለህ፣ ፎቶ ላክልኝ አለኝ። ከተመለስኩ ወዲህ መመለሴ ትክክል የመሰለኝ ያን ሳምንት ብቻ ነው።

ስብሰባው የተጠራው መጽሐፉ ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት ነው። ዳይሬክተሩ አለ፤ የሕትመት ክፍሉ ኃላፊ አለ፤ መጽሐፉን በመስክ የምትጠቀምበት የሰብል ጥበቃ ባለሙያዋ አለች፤ ጋሼ አለ፤ እኔ አለሁ። ሣጥኑን ጠረጴዛው መሐል አስቀምጬ አስረዳሁ። ዳይሬክተሩ በጣም ደስ አለው። ከዚያ ለወጉ ያህል ጋሼን ምን ይላሉ አለው።

ጋሼ ሣጥኑን ወደ ራሱ ሳበ። ማስመሪያውን አውጥቶ አንዷን ለካ፤ ሁለተኛዋን ለካ። መስመሮቹን ጎንበስ ብሎ አየ።

"ይሄ እኮ አረንጓዴው ነው" አለ። "የበጋው ነው። በበጋ ቁጥቋጦው ቅጠል ሲያጣ መጠኑ ያንሳል፤ ወደ ችግኙ የሚመጣውም ያኔ ነው።"

የሕትመት ክፍሉ ኃላፊ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ዳይሬክተሩ ቡናማዎቹን አየ፤ ጋሼን አየ፤ እኔን አየ።

"አረንጓዴ?" አለ።

"አረንጓዴ ነው። እኔ ነኝ የያዝኳቸው። ክሩን እዩት።"

ክሩ የለም። ሁሉም እኔን ይጠብቃል። ያኔ ነው የተናገርኩት።

"ጋሼ አረንጓዴና ቡናማ አይለይም። ሲወለድ ጀምሮ ነው። ቤት ውስጥ ሁላችንም እናውቃለን።"

"እርስዎ" ማለቱን ረስቼዋለሁ። እንደ ቤተሰብ ሆኜ ነው ያዋረድኩት።

ጋሼ ማስመሪያውን ወደ ኪሱ ሊመልሳት ሲል ኪሱን ሳተው፤ በሁለተኛው ገባችለት። ዳይሬክተሩ እውነት ነው ወይ ብሎ ጠየቀው። ጋሼ፣ "እውነቱን ነው፤ አይታየኝም" አለና ወንበሩን ድምፅ እንዳያሰማ አንስቶ ወደ ኋላ አድርጎ ወጣ። አክስቴን አልጠቀሰም። ቀለሙን የምታየው እሷ ናት ቢል ነገሩ በዚያው ይስተካከል ነበር። እስከዛሬ የሚገርመኝ ይህ ነው። እኔ ከቤቱ ምስጢር ግማሹን ሳወጣ፣ እሱ የቀረውን ግማሽ ይዞ ወጣ።

በሳምንቱ ደብዳቤ ደረሰው፤ ከነፍሳት ክፍል ወደ ንብረት ክፍል ተዛውረዋል ይላል። የሰባ ሁለቱን መሳቢያ ቁልፍ ለኔ አስረከበኝ፤ ፈረምኩለት። በንብረት ክፍል መጥረጊያና ባልዲ እየመዘገበ ሁለት ወር ቆየና፣ የጡረታ ዕድሜው ሳይደርስ በራሱ ጥያቄ ወጣ። የንብረት ክፍሉ ሰውዬ ኮሪደር ላይ ሲያገኘኝ፣ ባልዲዎቹን ሁሉ በቁመት አሰለፈልኝ አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ፈገግ አልኩ። እሱ ግን አልሳቀም።

መጽሐፉ ታተመ። ገጽ ሠላሳ ስምንት ላይ አረንጓዴው፣ አሥራ ሰባት ሚሊሜትር፣ ጉዳት የለውም። ገጽ ሠላሳ ዘጠኝ ላይ ቡናማው፣ አሥራ ሦስት ሚሊሜትር፣ የፍራፍሬ ችግኝ ተባይ። በሽፋኑ ላይ የኔ ስም ብቻ ነበር።

በበጋው አጋማሽ የሰብል ጥበቃ ባለሙያዋ ወደ ቢሮዬ መጣች። ጫማዋ አቧራ ለብሷል። ሳትቀመጥ መጽሐፉን ገጽ ሠላሳ ዘጠኝ ላይ ገልጣ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችና፣ "ዶክተር፣ ቡናማዋ የት ነው ያለችው?" አለችኝ።

ከዚያ ቀዝቀዝ ባለ ድምፅ ነገረችኝ። የችግኝ ጣቢያው ሰዎች መጽሐፉን በኪሳቸው ይዘው ቡናማዋን ሲጠብቁ ሰንብተዋል። የመጡት ግን ትንንሽ አረንጓዴዎች ናቸው። ደውለው ጠየቋት፤ እሷም መጽሐፉን አይታ፣ አረንጓዴ ከሆነ አይጎዳም፣ ተዉት አለቻቸው። ከእንቁላላቸው የወጣው ትል ሁለት ሺህ ያህል ችግኝ በልቶ ግንዱ ብቻ ቀርቷል። ይህን ስትናገር እኔን አልወቀሰችም፤ ተዉት ያልኩት እኔ ነኝ እያለች የምትወቅሰው ራሷን ነበር። ከቦርሳዋ አንድ ጠርሙስ አወጣች። ውስጡ አንዲት የእሳት እራት በሕይወት አለች፤ አሁን የፈነዳ ቅጠል የመሰለች አረንጓዴ፤ ክንፏ ላይ ሁለት ነጭ መስመር።

ጠርሙሱ ላይ ማስመሪያ አስጠግቼ ለካኋት። አሥራ ሦስት።

ሌላ ዝርያ ሊሆን ይችላል አልኳት፤ ተይልኝ፣ ላጣራ። እሷ እንደወጣች ያቺን የእሳት እራት ገደልኳት፤ አደረቅኳት፤ ከዚያ በወረቀት ጠቅልዬ እዚያው ማለስለሻ ሣጥን፣ እዚያው እርጥብ አሸዋ ላይ አስቀመጥኳት። በዚህኛው ጊዜ ግን ወረቀቱን እየገለጥኩ አየኋት። በማግስቱ ጠዋት የክንፏ ጠርዝ ቢጫ መሆን ጀምሯል። ከሰዓት በኋላ ቢጫው ወደ መሐል ገብቷል። በሦስተኛው ቀን ስከፍተው ገጽ ሠላሳ ዘጠኝን አገኘሁት። ያ ዝርያ በየትም ጫካ ኖሮ አያውቅም። የሠራሁት እኔ ነኝ፤ በእርጥብ አሸዋ።

ሰው ስህተቱን ሲያውቅ መጀመሪያ የሚሮጠው ወዴት ነው? እኔ የሮጥኩት ወደ ዳይሬክተሩ ነው። መጽሐፉ ይሰብሰብ፣ ጋሼ ወደ ቦታው ይመለስ ብዬ ሁለት ገጽ ጻፍኩ። ዳይሬክተሩ አነበበውና መነጽሩን አወለቀ። ለችግኝ ጣቢያዎቹ የማረሚያ ወረቀት ይላካል፣ መጽሐፉ በሚቀጥለው እትም ይስተካከላል አለኝ። ስለ ጋሼ ግን፣ "አይለዩም ያልከው አንተ ነህ። ታዲያ አሁን መለየት ጀመሩ?" አለኝ። ቀለሙን የሚያዩት በባለቤታቸው ዓይን ነው ልል አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ጋሼ ይዞት የወጣውን ግማሽ እኔ እንደገና ላወጣው ነበር።

ወደ አክስቴ ቤት ለመሄድ አራት ቀን ፈጀብኝ። ሁለት ጊዜ እስከ በራቸው ደርሼ ተመልሻለሁ። በሦስተኛው በሩ ክፍት ነበር። ሳሎኑ ባዶ ሆኗል። ወንበሮቹ ተደራርበው በገመድ ታስረዋል፤ የስፌት መኪናዋ በብርድ ልብስ ተጠቅልላ ቆማለች። የቤት ሥራ የምሠራበት ጠረጴዛ እግሩ ተነቅሎ ግድግዳው ላይ ተደግፏል። አክስቴ መሬት ላይ ተቀምጣ ሳህን በጋዜጣ ትጠቀልላለች።

"መጣህ" አለችኝ። "ያንን ጋዜጣ አቀብለኝ።"

አቀበልኳት። አግብታ የሄደችው ልጃቸው ወዳለችበት ከተማ እየሄዱ መሆኑን፣ ጋሼ ቤቱን ሊያዘጋጅ ቀድሞ መሄዱን የነገረችኝ በሳህኖቹ መሐል ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ኖሮ መክሳቴን አንስታ ትቆጣኝ ነበር። አሁን ዓይኗ ሳህኑ ላይ ነው። እኔም አጠገቧ ቁጭ ብዬ ሳህን እየጠቀለልኩ ሁሉንም ነገርኳት፤ ሣጥኑን፣ አሸዋውን፣ አረንጓዴዋ ስትጠፋ በዓይኔ ማየቴን።

እስክጨርስ አላቋረጠችኝም።

"ይህን መጀመሪያ ለማን ነገርክ?" አለች።

"ለዳይሬክተሩ።"

"እህ" አለችና ሳህኑን አስቀመጠች። "እና አሁን ይቅርታ ልትለኝ ነው የመጣኸው?"

"አዎ።"

"እነዚያ አሥራ አራቱን ቀለማቸውን ያየሁት እኔ ነኝ። መስኮቱ ጋ፣ በምሳ ሰዓት። ትንንሽ ናቸው ብሎ ደጋግሞ አሳየኝ፤ ደጋግሜ አረንጓዴ አልኩት። አንተ በሰው ፊት ዕውር ያልከው እሱን ይመስልሃል? እኔን ነው።" ሳህኑን መልሳ አነሳች። "አንተንም ነው። ስንቱን ክር አንተ መርጠሃል፤ ረሳኸው?"

አልረሳሁትም። ያ ነው ችግሩ። ረስቼው ቢሆን አንድ ነገር ነበር።

ለምን እንዲህ አደረግክ አላለችኝም። ተነስታ ከተጠቀለለችው መኪና ሥር የክር ቆርቆሮዋን አወጣች። ክዳኑ ሥር ካርቶኖች ተደራርበዋል። የየካርቶኑ ጠርዝ በመቀስ እየተቀደደ ጥርስ ወጥቶለታል፤ በየጥርሱ ክር ተጠምጥሟል፤ ከእያንዳንዱ ጎን የእሳት እራቷ ቁጥር በጋሼ እጅ በትንንሹ ተጽፏል። ለመሳቢያው አንድ ስትቆርጥለት፣ ለዚህ ካርቶን አንድ ትቆርጥ ኖሯል። ቢጠፋስ ብላ። ይህን አላውቅም ነበር። ካርቶን በካርቶን ላይ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት።

በመጨረሻው ካርቶን ላይ አሥራ አራት ክር ተከታትሎ አለ። አሥራ አራቱም አንድ አረንጓዴ።

እንድታውሰኝ ልለምናት ነበር። መሳቢያዎቹን መልሼ ማስተካከል የምችለው በእነዚህ ብቻ ነው፤ የእያንዳንዷ ቁጥር አለ፤ ሦስት ሳምንት የቆረጥኩትን በሦስት ወር እመልሰው ነበር። አክስቴ ዓይኔን አይታ ክዳኑን ገጠመችው።

"ይሄ የኔ አይደለም" አለች። "እሱን ጠይቀው። ስልኩን ታውቀዋለህ።"

"ያነሳልኛል?"

"እኔ ምን አውቄ። ጻፍለት፤ ጽሑፍ ያነባል፤ መነጽሩን ፈልጎም ቢሆን ያነባል። ለሌላው ሰው ሁሉ ስትጽፍ ነው የከረምከው።"

በሩ ድረስ ሸኘችኝ። ከድሮ ጀምሮ ስወጣ ኮሌታዬን የማስተካከል ልማድ አላት። እጇን አነሳች፤ ከዚያ እጇ ላይ የጋዜጣ ቀለም መኖሩን አየችና መለሰችው። ቀለሙ ይሆን የመለሳት? ይህንንም አላውቅም።

ከግቢው ወጥቼ አጥሩ ሥር ቆሜ መጻፍ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ረጅም ነበር፤ እርጥበት አረንጓዴ ክንፍን እንዴት እንደሚያበላሽ የሚያስረዳ፣ "እርስዎ" እያልኩ የጻፍኩት። ሳነበው ሪፖርት ነው። አጠፋሁት። ሁለተኛው ስለ ራሴ ብቻ ነበር፤ ምን ያህል እንዳፈርኩ፣ እንቅልፍ እንዳጣሁ። እሱንም አጠፋሁት፤ የኔን ማፈር ደግሞ እሱ እንዲሸከምልኝ መጠየቅ መሰለኝ። በመጨረሻ ይህን ላክሁ፤

"ጋሼ፣ አረንጓዴ ነበር። አንተ ልክ ነበርክ። ክሩን የጣልኩት እኔ ነኝ፤ ለምን እንደነበረ እያወቅሁ። ካርቶኖቹን ከፈቀድክልኝ መሳቢያዎቹን እንደነበሩ እመልሳቸዋለሁ። ካልፈቀድክም ይገባኛል።"

ስልኩ "ደርሷል" አለ።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ እገባለሁ። ኮሪደሩ ላይ ግድግዳው ሥር ቆሜ ያደሩትን በክብሪት ቀፎ እከታለሁ፤ እለካለሁ። ከሱቅ የገዛሁት ክር አለ፤ መስኮቱ ጋ ሄጄ ከክንፋቸው ጎን እይዘዋለሁ። አንዳንዱ ላይ እወላውላለሁ፤ ይቺ ናት ወይስ ይቺ ብዬ የምጠይቀው ሰው የለኝም። ሰባ ሁለቱ መሳቢያ ግን እንዳለ ነው፤ ከየመርፌው ሥር ባዶ። ቁልፉ በኔ ኪስ ነው። ስልኬን ጠረጴዛው ላይ፣ ፊቱን ወደ ላይ አድርጌ አስቀምጠዋለሁ። አምስት ወር ሆነው። አልመለሰልኝም።